ቀለምና ክንፍ

በደብረ ታቦር ከተማ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር



አምና እዚሁ ስለ ነፍሳት ሳወራ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ብድግ አለና፣ «መምህር፣ ኦክቶፐስና የውኃ ተርብ ቢወዳደሩ ብልጡ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የእኔ ግን የማምለጫ ሳቅ ነበር። ልጁ ኦክቶፐሱን በቴሌቪዥን፣ የውኃ ተርቡን ወንዝ ዳር አይቷል፤ ሁለቱንም ስለወደዳቸው ማወዳደር አማረው። እኔ መምህር ተብዬ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገብቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ የመጣሁት ያንን ዕዳ ልከፍል ነው። ዓመት ሙሉ ሳነብ ቆይቻለሁና ወለዱ ቢረዝምባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። የውኃ ተርብ የምንለው ያ አራት ክንፍ ያለው፣ ገላው እንደ ስንጣሪ የቀጠነ፣ ኩሬ ላይ አየር ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ድንገት የሚወረወረው ነው። ልጆች «ሄሊኮፕተር» ሲሉት ሰምቻለሁ። ከአዋቂዎቹ ስም የልጆቹ ይሻላል እላለሁ፤ ተርብ ይናደፋል፣ ይህኛው ግን መንደፊያም መርዝም የለውም፤ ከተርብ ጋር ያለው ዝምድናም የሩቅ ነው። በአገራችን ወደ መቶ የሚጠጉ ዓይነቶቹ ተመዝግበዋል። ከነዚያ ውስጥ ከኢትዮጵያ ደጋ ወጥተው ሌላ ቦታ የማይታዩ አሉ። ዛሬ የማነሳው ግን ባለአገሩን ሳይሆን መንገደኛውን ነው። ሊቃውንቱ ፓንታላ ፍላቬሴንስ ይሉታል፤ የመጀመሪያው ቃል «ሁሉ ነገሩ ክንፍ» እንደማለት ነው፣ ሁለተኛው «ወደ ቢጫ የሚያደላ»። እኔ «ዘዋሪው» እለዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ኦክቶፐሱን ደግሞ ከሩቅ ከማመጣ ከጎረቤታችን ከቀይ ባሕር ላምጣው። ስሙ ኦክቶፐስ ሳያኒያ ነው። ከቀይ ባሕር ጀምሮ በሕንድ ውቅያኖስ አልፎ እስከ ሃዋይ ደሴቶች፣ በኮራል ዐለት መካከል ይኖራል። ዘመዶቹ አብዛኞቹ ሌሊት ሲያድኑ እሱ ፀሐይ ወጥታ ስለሚሠራ «የቀን ኦክቶፐስ» ይባላል። ገላው ከስንዝር አይበልጥም፤ ስምንቱ ክንዶቹ ግን እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ።

«እኛ ደጋ ላይ ተቀምጠን ከባሕር አውሬ ጋር ምን አገናኘን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ከኛ በፊት ያገናኘ ሰው አለ። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1831 ምጽዋ ደርሶ የቀይ ባሕርን ዓሣ ሲሰበስብ ከቆየ በኋላ ዳገቱን ወጥቶ፣ ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም በጽሑፍ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ቆይቶ ሲሲሊ ደሴት ላይ፣ መሲና በምትባል የወደብ ከተማ ተቀምጦ የኦክቶፐስን የቅርብ ዘመዶች ያጠና ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1844 ከነሱ ለበርካቶቹ ስም አወጣላቸው። ዋልያን ባየበት ዓይኑ ነው እነሱንም ያየው። ስለዚህ በደጋ ሰው ዓይን ባሕር ማየት ነውር የለበትም።

አሁን ወደ ኦክቶፐሱ። አማርኛችን ለዚህ እንስሳ ሳያስበው አንድ ቃል አዘጋጅቶለታል፤ ቀለም። እኛ ዘንድ ቀለም ሦስት ነገር ነው። ቀይ፣ ጥቁር፣ ብጫ የምንለው አንዱ ነው። ጸሐፊው ብርዑን የሚነክርበት ሁለተኛው ነው። «ይህ ልጅ ቀለም ይዘልቀዋል» ስንል የምናስበው ትምህርት ደግሞ ሦስተኛው ነው። ሦስቱንም በአንድ ገላ የያዘ ፍጡር ፈልጉ ብትሉኝ ከኦክቶፐስ በቀር አላውቅም።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ቆዳው ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የቀለም ከረጢቶች አሉ። እያንዳንዷ ከረጢት በዙሪያዋ ጡንቻ አላት፤ ጡንቻው ሲስባት ትሰፋለች፣ ቀለሟ ይታያል፤ ሲለቃት ትኮማተራለች፣ ቀለሟ ይጠፋል። ጡንቻዎቹን የሚያዘው ነርቭ ስለሆነ የልብስ ለውጡ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይፈጅም። እስስት ከሱ ጋር ስትነጻጸር ቀርፋፋ ናት። ከቀለሙ በላይ ደግሞ ቆዳውን እንደ ዐለት ያጎረብጠዋል፣ መልሶ ያለሰልሰዋል። ተመራማሪዎች በፓስፊክ ውቅያኖስ አንድ የቀን ኦክቶፐስ ተከትለው ሲዋኙ በሰባት ሰዓት ውስጥ ወደ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል መልኩን ሲቀያይር ቆጥረዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ቀለም ማየት ሳይችል ነው! ዓይኑ ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ቀይና አረንጓዴን እኛ በምንለይበት መንገድ አይለይም። ድምቀትንና ጥላን፣ ብርሃን የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ ግን አሳምሮ ያያል። ዓይነ ስውር ሸማኔ ጥለቱን ሳይስት ሲሠራ አስቡት።

ሁለተኛው የቀለም ቀንዱ ነው። የድሮ ጸሐፊዎቻችን ቀለማቸውን በቀንድ ይዘው ይዞሩ እንደነበር ሁሉ ኦክቶፐስም ሆዱ አጠገብ የቀለም ከረጢት አለው። ጠላት ሲመጣበት ጥቁሩን ባሕሩ ላይ ይረጭና ጭጋጉ ሳይገለጥ ይሰወራል። በነገራችን ላይ የድሮ አውሮፓውያን ሠዓሊዎች ከኦክቶፐስ ዘመድ ከረጢት የወጣ ቡናማ ቀለም ይጠቀሙ ነበር። ከጥላሸትና ከቅጠል ከሚነጠረው ከኛ ቀለም ጋር ሲወዳደር የትኛው ይጸናል የሚለውን ለቁም ጸሐፊዎቹ እተወዋለሁ።

ሦስተኛው ብዙ ያቆየናል። ኦክቶፐስ ዘሩ ከቀንድ አውጣ ወገን ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጎመን የሚበላባችሁ ቀንድ አውጣ የሩቅ ዘመዱ ነው። ነገር ግን የቀንድ አውጣ የነርቭ ሕዋሳት በሺዎች ሲቆጠሩ የኦክቶፐስ ወደ 500 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ይህ በውሻ አንጎል ውጫዊ ሽፋን ውስጥ ካሉት ብዙም የማይርቅ ቁጥር ነው። ከዚህም የሚገርመው የሕዋሳቱ አቀማመጥ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ያህሉ ያሉት ጭንቅላቱ ውስጥ ሳይሆን በክንዶቹ ነው። ክንዱ ዋሻ ውስጥ ገብቶ በመጣበቂያዎቹ ይዳስሳል፣ ይቀምሳል፣ ሸርጣኗን ያገኛል፤ ጭንቅላቱ ጠቅላላ ትእዛዙን ይሰጣል እንጂ እያንዳንዱን እጥፋት አያዝም። ይህን ሳነብ ዘመነ መሳፍንት ትዝ አለኝ። ዘውዱ ጎንደር ላይ ነበር፣ ክንዱ ግን እዚህ ደብረ ታቦር፣ ከነራስ ጉግሣና ከነራስ ዓሊ ዘንድ። ልዩነቱ የኦክቶፐስ መሳፍንት እርስ በርስ አለመዋጋታቸው ነው።

ይህ አእምሮ ምን ይሠራል? ከቀይ ባሕር አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኤድዋርዶ ሳምፓዮ የተባለ ፖርቱጋላዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በእስራኤል ኤይላትና በግብፅ ኤል ቁሰይር ባሕር ውስጥ ካሜራ ይዘው የቀን ኦክቶፐስን ተከተሉት። ኦክቶፐሱ ብቻውን አያድንም ነበር፤ ልዩ ልዩ ዓሦች ይከተሉታል። እሱ ክንዱን ወደ ስንጥቅ ይሰዳል፣ ዓሦቹ የሸሸችውን ይቀልባሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ዓሦቹ ቀድመው ምግብ ያለበትን ያሳዩታል። ደቦ በሉት። በደቦ ውስጥ ግን ሳይሠራ ለመብላት የሚመጣ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጽሑፍ እንደሚለው ኦክቶፐሱ አንዳንዱን ዓሣ ክንዱን ወርውሮ በቡጢ ይመታዋል። አንዳንድ ጊዜ ምግቡን ለመንጠቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከምቱ የሚያገኘው ጥቅም አልታያቸውም። እኔ እዚህ ላይ ቂም ነው ብዬ ሰው አላደርገውም። ይሁን እንጂ የጎረቤት ሽማግሌ ቢጠየቅ መልስ የሚያጣ አይመስለኝም።

ደሙም ከኛ ይለያል። የኛን ደም ቀይ ያደረገው ብረት ነው፤ የሱ ደም አየር የሚሸከመው በመዳብ ስለሆነ ሰማያዊ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚህ አጠገባችን ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ነሐስ ውስጥ የነበረው ያው መዳብ ማለት ነው። ልቡም ሦስት ነው። ሁለቱ ደሙን ወደ ስንጥባቱ ይገፋሉ፣ ሦስተኛው ለተቀረው ገላ ያዳርሳል። ሲዋኝ ይህ ሦስተኛው ልብ ስለሚቆም ቶሎ ይደክመዋል፤ ለዚህ ነው ከመዋኘት መዳህን የሚመርጠው።

አሁን ወደ ባለ ክንፉ እንምጣ። እዚህ ብዙ ቀለም የለም፤ ያለው ሥራ ነው። አንድ ሥራ። የሚበር ነገር አየር ላይ መያዝ።

ዓይኑን ተመልከቱ። የፊቱን አብዛኛውን ክፍል ይዟል። አንዱ ዓይን እስከ 30 ሺህ ከሚደርሱ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ነው፤ ወደላይ፣ ወደጎን፣ ወደኋላም ያያል። እኛ ቀለም የምንለየው በሦስት ዓይነት ተቀባይ ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 አሥራ ሁለት የውኃ ተርብ ዝርያዎችን ሲመረምሩ ብርሃንን የሚቀበሉ ፕሮቲኖችን የሚሠሩ ከ11 እስከ 30 የሚደርሱ ጂኖች አገኙባቸው። እንግዲህ ፍርዱን እዩት። ኦክቶፐስ ቀለም ሳያይ ሁሉንም ቀለም ይለብሳል፤ የውኃ ተርብ ሁሉንም ቀለም እያየ በአንድ ልብስ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ክንፎቹ አራት ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ጡንቻ አለው። የፊተኛው ሲወርድ የኋለኛው ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ይቆማል፣ ወደኋላ ይሄዳል፣ በቆመበት ይዞራል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ከምጽዋ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለክንፍ የሚሆን ድጋፍ ያንሳል። ዘዋሪው ግን የኋላ ክንፎቹ ሰፊ ስለሆኑ እንደ ጆፌ አሞራ ዘርግቶ ይንሳፈፋል። በሂማላያ ተራሮች 6,200 ሜትር ከፍታ ላይ ታይቷል፤ ጉና ለሱ ጉብታ ነው።

አደኑን ላስረዳችሁ። ገና ስትጫወቱ ጎበዙ ሰው ሩሯ ወዳለችበት አይሮጥም፤ ሩሯ ወደምትደርስበት ይሮጣል። የውኃ ተርብም ትንኟን ከኋላ አያሳድድም። አቅጣጫዋንና ፍጥነቷን አስልቶ የምትደርስበት ቦታ ላይ ቀድሟት ይገኛል፤ እግሮቹን እንደ ቅርጫት አድርጎ ይቀበላታል። በአንድ ጥናት ከመቶ ሙከራ 97ቱ ተሳክተዋል። አንበሳ ከአራቱ ሦስቱን ይስታል ይባላል። ታዲያ ይህን ሁሉ ስሌት ከዓይን ወደ ክንፍ የሚያደርሱት ነርቮች ስንት እንደሆኑ ስትሰሙ አታምኑኝ ይሆናል፤ ስምንት ጥንድ፣ በጠቅላላ አሥራ ስድስት ሕዋሳት ናቸው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደግሞ ከብዙ ትንኞች አንዷን መርጦ ሌሎቹን እንዳላየ የሚያልፍ ሕዋስ አለ። በገበያ ቀን ጫጫታ ውስጥ የእናቱን ድምፅ ለይቶ እንደሚሰማ ሕፃን ነው።

አምስት መቶ ሚሊዮን በአንድ ወገን፣ አሥራ ስድስት በሌላ ወገን። የልጁ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ብዙ አእምሮ የሚያስፈልገው ለከበደ ሥራ ሳይሆን ምን እንደሚመጣ ላልታወቀበት ኑሮ ነው። የኦክቶፐስ አያቶች ቅርፊት ነበራቸው፤ እሱ ቤቱን የሸጠ ቀንድ አውጣ ነው። አጥንት የለው፣ ጋሻ የለው፣ ሥጋው ለሁሉ የሚጥም። ከምንቃሩ በቀር ጠንካራ ነገር ስለሌለው በትንሽ ቀዳዳ ያልፋል፤ ግን በየደቂቃው መወሰን አለበት። ልደበቅ? ልሽሽ? ዐለት ልምሰል ወይስ ሣር? ይህ ሸርጣን እንዴት ይከፈታል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሌላ መልስ ይፈለጋል። የውኃ ተርብ ግን ጥያቄው አንድ ነው። ዘመዶቹ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰማይ ላይ ነበሩ፤ ከነሱም ሜጋኑራ የሚባለው ክንፉ ሲዘረጋ አንድ ክንድ ከስንዝር ይሆን ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ጥያቄው ሳይለወጥ መልሱ ብቻ እየተሳለ፣ ትርፍ ትርፉ እየተቆረጠ መጣ። አሥራ ስድስቱ ሕዋሳት የድህነት ምልክት አይደሉም፤ ብዙ ተስሎ የቀጠነ ቢላዋ ናቸው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገሩ ተራርቆ ያምራል። ግን ንባቤን ስቀጥል ያልጠበቅሁት መቀራረብ ገጠመኝ፤ የተገኘውም እዚሁ፣ ታች ፎገራ ውኃ ውስጥ ነው።

ርብና ጉማራ ከነዚህ ተራሮች ወርደው ክረምት ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ ይተኛበታል። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ፣ ገበሬው ኤክስ ጅግና የሚለውም ዓይነት፣ በዚያ ውኃ ነው የሚበቅለው። ዘዋሪው የውኃ ተርብ እንቁላሉን የሚጥለው እንዲህ ባለ ዝናብ በሠራው፣ በጋ ሲመጣ በሚደርቅ ውኃ ላይ ነው። ዓሣ ስለማይበዛበት ለልጆቹ ይመቻል፤ ችግሩ ሳይደርቅ ማደግ አለባቸው። እጩ ከ38 እስከ 65 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አድጎ ይወጣል። ክረምታችንን ለክቶ የተሠራ ይመስላል።

ይህ እጭ አባቱን ፈጽሞ አይመስልም። ቡናማ፣ ጭቃ ለባሽ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ነገር ነው። የሚተነፍሰው፣ አባቶቼ ይቅር በሉኝ፣ በመቀመጫው ነው። ስንጥባቱ ያለው አንጀቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ውኃ በዚያው ይስባል፣ በዚያው ያወጣል። ጠላት ሲመጣ ደግሞ የሳበውን ውኃ በኃይል ይተፋዋል፤ ያን ጊዜ ገላው እንደ ጥይት ወደፊት ይወረወራል። ኦክቶፐስም ሲሸሽ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ካባ በሚባለው የገላው ከረጢት ውኃ ሞልቶ በአንዲት ቱቦ ይተፋና ወደኋላ ይፈተለካል። ጄት አውሮፕላን የሚሄደው በዚሁ ብልሃት ነው።

እጩ እጅም አለው ማለት ይቻላል። የታችኛው ከንፈሩ እንደ ክንድ ታጥፎ ከአገጩ ሥር ይቀመጣል፤ ትል ወይም ጅራታም የእንቁራሪት ግልገል ሲጠጋው በቅጽበት ተዘርግቶ ይቀልበዋል። ድብቅ ብሎ የሚጠብቅ፣ ውኃ ተፍቶ የሚሸሽ፣ ክንድ ወርውሮ የሚይዝ። ክንፍ ከማውጣቱ በፊት የፎገራ ቦይ ኦክቶፐስ ነበር እንዳልል የሚከለክለኝ የለም። ሁለቱ የተለያዩበት የጋራ አያት ከ550 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ ትል መሰል ፍጡር ነው፤ ስለዚህ ይህን ከአያት አልወረሱትም። ውኃ ውስጥ ለመትረፍ ሲሉ ለየብቻቸው ደረሱበት።

ይህ እጭ የወባ ትንኝ ልጆችንም ይበላል። «ታዲያ ወባን ያጠፋልናል?» ብትሉኝ አያጠፋም እላለሁ፤ አጎበራችሁን አትጣሉ። ግን የመድኃኒት መርጫውን ቦዩ ውስጥ የሚያጥብ ሰው ከትንኟ ጋር የትንኟንም ጠላት እየጨረሰ መሆኑን ይወቅ።

«ታዲያ ጣና ውስጥ ኦክቶፐስ ለምን የለም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ኦክቶፐስም ሆነ የቅርብ ዘመዶቹ በዓለም ሁሉ አንድም ጨው አልባ ውኃ ውስጥ አይኖሩም። የገላቸው ፈሳሽ ጨውነቱ ከባሕሩ ጋር እኩል ስለሆነ ጣና ቢገቡ ውኃው ሰርጎ ያሳብጣቸዋል። ነፍሳት በተቃራኒው የዓለምን ወንዝና ኩሬ ሁሉ ይዘው ባሕሩን ትተውታል፤ ባሕር ላይ የሚኖሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ዓለምን በጨው ተካፍለዋል። የሚገናኙበት ቦታ ሊኖር አይገባም ነበር።

ግን አለ። ቻርልስ አንደርሰን የሚባል የሥነ ሕይወት ባለሙያ ማልዲቭስ ደሴቶች ላይ ሲኖር፣ በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ አእላፍ የውኃ ተርቦች ከባሕር ላይ ሲመጡ ያያል። ደሴቶቹ ወንዝ የላቸውም፤ እንቁላል የሚጥሉበት ውኃ እዚያ ብዙም የለም። ከየት መጡ? ዓመታት ቆጥሮ፣ ነፋሱን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጽሑፍ ዘዋሪው ከሕንድ ተነስቶ፣ ዝናብ ከሚያመጣው የነፋሳት መስመር ጋር፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንደሚሻገር አስረዳ። ደርሶ መልሱ ከ14,000 እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ መንገደኛው ደግሞ ግማሽ ግራም እንኳ አይመዝንም። ጃፓን ድረስም ይዘልቃል። እዚያ በነሐሴ የሙታን መታሰቢያ ሰሞን ስለሚበዛ ሰዎቹ ከሙታኑ ነፍስ ጋር ያያይዙታል። ለኛ ቡሄ ሲደርስ፣ ችቦው ሲንቦገቦግ፣ እዚያም ያው ክንፍ ይታያል ማለት ነው።

ያ የሕንድ ውቅያኖስ መንገድ የሚያልፈው በቀን ኦክቶፐስ ቤት ጣራ ላይ ነው። ከታች ኮራሉ መካከል አንዱ ልብስ ይቀያይራል፤ ከላይ ሌላው ሳያየው ያልፋል። የደከመው ወድቆ ባሕሩ ላይ ሲንሳፈፍ ብቻ፣ ያውም ዓሣ ካልቀደመ፣ በአንድ ውኃ ይሆናሉ።

ስለ ዕድሜያቸው ያለው ነገር አጭር ነው። የቀን ኦክቶፐስ ዕድሜው ከዓመት ብዙም አይበልጥም። እናቲቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ዋሻዋ ውስጥ ትሰቅላለች፤ ውኃ እየተፋች ታጥበዋለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ሲፈለፈል ትሞታለች። እ.ኤ.አ. በ1977 ጀሮም ዎዲንስኪ የሚባል ተመራማሪ፣ በሌላ የኦክቶፐስ ዓይነት ላይ፣ ከዓይን ጀርባ ያሉትን ዕጢዎች ቀዶ ሲያወጣ እናቲቱ እንቁላሏን ትታ መብላት ጀመረች፤ ዕድሜዋም ረዘመ። ሞቷ ድካም ሳይሆን ትእዛዝ ነበር። ዕድሜው አጭር፣ እድገቱ ፈጣን መሆኑን ማዳጋስካር ውስጥ አንዳቫዱዋካ አካባቢ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ተጠቅመውበታል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የባሕሩን አንድ ክፍል ለወራት ከልክለው ሲከፍቱት ትልልቅ ኦክቶፐስ ማውጣት ጀመሩ። ተራራን ከከብት ከልሎ ሣሩን ያየ የፋርጣ ገበሬ ነገሩን ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

የውኃ ተርብ እናት ደግሞ ጅራቷን ውኃ ላይ እየነከረች እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። የሁለቱም ልጆች እናቶቻቸውን ሳያዩ ነው የሚያድጉት።

እኛ እንደዚያ አይደለንም። ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም ይኬዳል፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ ይወጣል፤ ተማሪው ቁራሽ እየለመነ ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። የመምህሩ መምህር የተማረው በዚህ መንገድ ለዛሬው ልጅ ይደርሳል። ኦክቶፐስ ያን ሁሉ ቀለም የዘለቀው ሆኖ ሳለ መምህርም ደቀ መዝሙርም የለውም። ሸርጣን መክፈቻውን ይማራል፣ የዓሦቹን ጠባይ ያጠናል፣ ከዚያ ይሞታል፤ ልጁ እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራል። የውኃ ተርቡ በሕይወቱ የሚማረው ጥቂት ነው። መንገዱን ግን አንዱ ሙሉውን አይሄደውም፤ ባሕሩን ዞሮ እስኪመለስ አራት ትውልድ ይፈጃል። ወደ አፍሪካ የተሻገረው ሲመለስ አይታይም፤ የሚመለሰው ባሕሩን አይቶ የማያውቅ ዘሩ ነው፤ አይስትም። የሱ ድጓ ገላው ውስጥ ተጽፏል።

ስለዚህ ልጄ፣ ዛሬ መጥተህ ከሆነ፣ በመማር ከሆነ ብልጡ ኦክቶፐስ ነው፤ የተማረው ግን ከሱ ጋር ይቀበራል። ይህ ግማሽ መልስ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ራስህ ታየዋለህ። መስከረም ሲገባ ማልደህ ወደ ርብ ዳር ውረድ። የውኃ ተርብ ከእጭነቱ የሚወጣው በአብዛኛው በሌሊት ስለሆነ ረፋድ አትጠብቅ። ከውኃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሣሩን ወይም የሩዙን አገዳ ተመልከት፤ ጀርባዋ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ባዶ፣ ደረቅ ቡናማ ቆዳ ተጣብቃ ታገኛለህ። ከስንጥቁ ነጫጭ ክሮች ተንጠልጥለው ይታዩሃል፤ ሲተነፍስባቸው የነበሩ የአየር ቧንቧዎች ሽፋን ናቸው። አገጯን በስንጥር ሳብ ብታደርገው ያ ክንድ ተጣጥፎ አለ። ጫማህን አውልቀህ ግባ፤ አልቅት ግን አለ፣ ስትወጣ እግርህን እይ።